በሟች ስም የተመዘገበች ዶሮ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ነገር ጨምሬ ከሆነ ይህን የምነግርበት ምላስ እንደ ቁርበት ይድረቅ፤ ጥርሴም በጤናዬ ይርገፍ። እንዲህ አጥብቄ የምምለው ነገሩ መሐላ ካልቀደመው የሚታመን ስላልሆነ ነው። በጥር ወር፣ አንድ በረዷማ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክሊቭላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ባንኮኒ ጀርባ የቆመች አንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ ኤልዉድ ክራቺክ የሚባለውን የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ትክ ብላ አየችና፣ "እርስዎ መሄድ ይችላሉ። ዶሮዋም መሄድ ትችላለች። አብራችሁ ግን መሄድ አትችሉም" አለችው።

ኤልዉድ ዶሮዋን አየ። ዶሮዋም በቦርሳዋ ወንፊት በኩል ኤልዉድን አየችው። ለሁለቱም አልገባቸውም።

ዶሮዋ ፔቱንያ ትባላለች። ቀይ፣ ወፍራም፣ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ጠባየ ክፉ ዶሮ ናት። "አጽናኝ እንስሳ ነኝ፤ ሥራ ላይ ስለሆንኩ አትንኩኝ" የሚል ጽሑፍ የተሰፋበት ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳለች። ከበስተኋላዋ ደግሞ የኤልዉድ ሚስት ማርላ በእጇ የሰፋችላት አበባ አበባ ዳይፐር ታስሮላታል። ጠዋት ያሰረላት ኤልዉድ ስለሆነ ዳይፐሩ ወደ ግራ ተጣሟል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው፣ ዶሮ ላይ ሁለት ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ኩሽናው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሲታገል ነበር የነጋለት። እሷም አልተኛችለትም፤ አውራ ጣቱን ሦስት ቦታ ነቁራዋለች። ጎረቤቱ ዱዌይን መኪናውን እያሞቀ በመስኮት ሲያይ ቆይቶ፣ "ኤልዉድ፣ ለምን በፖስታ አትልካትም? ጫጩት በፖስታ ይላክ የለ?" አለው። ኤልዉድ የማርላን ዶሮ ቴምብር ለጥፎ ሊልካት ነው? ደግሞ ልጁ ጆሊን እሁድ ዕለት ከፊኒክስ ደውላ ያለችው ግልጽ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብላው ከርማ የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው፦ "እማዬ ዶሮዋ ለእኔ ትሁን ብላ ነበር። ማክሰኞ ይዘህልኝ ና፤ ኤርፖርት እጠብቅሃለሁ። ዶሮዋን ካልያዝክ ግን አትልፋ።" ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ኤልዉድም ቋሚውን ስልክ እንደያዘ፣ "አትልፋ" የሚለው ለዶሮዋ ይሁን ለእሱ ሲያስብ ምሳው ቀዘቀዘ።

በዚያን ጊዜ የአየር መንገዶች ወግ እንዲህ ነበር። ውሻ ወይ ድመት ይዞ የሚሳፈር ለአንድ መንገድ መቶ ሃያ አምስት ዶላር ይከፍላል፤ ዶሮ፣ ዳክዬ፣ ጥንቸል ይዞ የመጣ ደግሞ ከነእንስሳው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን "ይህ ሰው መንፈሱ የታወከ ነው፤ ይህም እንስሳ ያጽናናዋል" የሚል የባለሙያ ደብዳቤ የያዘ ሰው እንስሳውን አቅፎ በነጻ ይበራል። ይህ ከተሰማ ወዲህ የከተማው ግማሽ በአንድ ጊዜ መንፈሱ ታወከ። የማርላ ግን የምር ነበር። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካጣች በኋላ አውሮፕላን ሲነሳ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ጫጩቷን ደግሞ ከእርሻ ዕቃ መደብር በአራት ዶላር የገዛቻት ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ ነው። በየክረምቱ ወደ ልጇ ስትሄድ ዶሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሳፈራለች። ኤልዉድ ሆን ብሎ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ የማያውቃቸው መስሎ ጋዜጣ ያነባል። ለዚህም ጉዞ ትኬቱን የገዛችው ማርላ ናት፤ በመስከረም። ለእሷና ለዶሮዋ አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ በመስኮት በኩል፤ ለእሱ አሥራ ሰባተኛው። በጥቅምት ደግሞ ማርላ...

"ማርላ ክራቺክ የሚባሉት የታሉ?" አለች ሠራተኛዋ። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ስም ታኒሻ ይላል።

"ባለቤቴ ናት።"

"መኪና እያቆሙ ነው?"

"አይ። እሷ አትመጣም።"

"ይዘገያሉ ማለት ነው? መመዝገቢያው አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ አባቴ።"

"እስከ አራት ሰዓት የምትደርስ አይመስለኝም" አለ ኤልዉድ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ "ሞተች" የምትለዋን ቃል ኤልዉድ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ከአፉ አውጥቷት አያውቅም። ለቀብር አስፈጻሚዎቹ የነገረው ዱዌይን ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ የነገሩት ቄሱ ራሳቸው ናቸው። ለጆሊን እንኳ ያላት "ብትመጪ ጥሩ ነው" ብቻ ነበር። ያውም ያን ያለው ማርላ ሐኪሞቹ ተስፋ ከቆረጡላት አምስት ሳምንት ዘግይቶ ነው፤ ማርላ "ልጅቷን ከሥራዋ እንዳታፈናቅላት፣ አደራ" ስላለችው። ጆሊን የደረሰችው እናቷ ካረፈች በማግስቱ ነው። ቀብሩ ላይ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ በድንች የተሞላውን የሊጥ ቅቅል ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አብራው በላች፤ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰችም።

ታኒሻ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ መጥቶ ኮምፒውተሩን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ። ደብዳቤው ዓመት አልሞላውም፤ ደህና ነው። ዶሮዋ በወቅቱ ተመዝግባለች፤ ደህና ነው። ችግሩ፣ ዶሮዋ የምታጽናናው ማርላን መሆኑ ነው። የማትሳፈርን ሰው የሚያጽናና እንስሳ ደግሞ ያው ዶሮ ነው፤ ዶሮ አይሳፈርም። "በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት" ብሎ ሄደ። ኤልዉድ ይህን አረፍተ ነገር በውስጡ ደጋግሞ አለው፤ ሰዋስው ይመስላል እንጂ ትርጉም አልመስልህ አለው። ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል። አንዲት ስልሳ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ፣ ሮዝ የስፖርት ልብስ ለብሳ፣ ብብቷ ሥር እንደ ጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ውሻ ይዛ ቆማለች። ውሻው በዚያች ቅጽበት የኤልዉድን እጅጌ በጥርሱ ይዞ እየጎተተ ነበር። እሱም ሰደርያ ለብሷል።

"ይሄ ነውር ነው!" አለች ሴትዮዋ ለሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ። "የኔ ፈርናንዶ ሰው እየነከሰ ሲያልፍ፣ ጨዋዋን ዶሮ ማስቀረት! ስማ ወንድሜ፣ እኔ ትሩዲ እባላለሁ። ወረቀቱን ባንተ ስም አስደርገው።"

"እኔ እኮ አልታመምኩም" አለ ኤልዉድ።

"ማን ታመመ? እኔ ታምሜያለሁ? ፈርናንዶን የማጽናናው እኔ ነኝ! የወረቀቱ ግርጌ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ትደውላለህ፣ ይጠይቁሃል፣ ትመልሳለህ፣ አለቀ። ደግሞ ሲመልሱ አይታሰብም፤ እያየኸኝ መልስ።"

የኤልዉድ ስልክ የምትታጠፍ አሮጌ ስልክ ናት። ጆሮው ደግሞ በአርባ ዓመት የቱቦ ጩኸት ደክሟል። ስለዚህ ትሩዲ የራሷን ስልክ ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ታኒሻ አላስቆመቻቸውም፤ ሰልፉን ወደ ጎረቤት መስኮት መራችና ጆሮዋን ብቻ እነሱ ጋ ተወችው። ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ወጣት ሴት አነሳች። ዶክተር ኮርትኒ ነኝ አለች፤ የሚሰባበር ነገር እያኘከች ነበር።

"ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ያለምክንያት አልቅሰዋል?"

ትሩዲ ራሷን እስኪያዞራት ነቀነቀች። "አዎ" አለ ኤልዉድ።

"ስንት ጊዜ?"

ትሩዲ አራት ጣቷን አወጣች። "አራት" አለ። ውሸት ነው፤ ኤልዉድ አያለቅስም። ለህሊናው ግን፣ ሐሙስ ዕለት ሽንኩርት ሲከትፍ ያነባውን እንደ አንድ ቆጠረው። ቆይቶ ትዝ ሲለው፣ ሐሙስ ዕለት ሽንኩርት አልከተፈም።

"እንስሳዋ የት ነው የምትተኛው?"

ጋራዥ ሊል ነበር። ትሩዲ ዓይኗን አፈጠጠችበት። "ቤት ውስጥ" አለ። "ወንበር ላይ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው የባለቤቴ ወንበር ላይ።" ይህ ደግሞ እውነት ነበር። ከጋራዡ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከዚያም ወደ ወንበሩ የተዛወረችው እንዴት እንደሆነ ግን ራሱም አያውቀውም። ዶሮ ማንም ሳይጋብዛት ነው ቤት የምትወርሰው።

"ያነጋግሯታል?"

"ዞር በይ እላታለሁ።"

ትሩዲ ግንባሯን መታች።

"ሌላስ?" አለች ኮርትኒ።

"ሌላ... ጠዋት ጠዋት የአየሩን ሁኔታ እነግራታለሁ። ባለቤቴ ትነግራት ስለነበር ነው። በረዶ ነው፣ ነፋስ አለ፣ እንዲህ እንዲህ።"

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። አጠገቡ ያለችው ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው መሰለኝ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ።

"ከእንስሳዋ ቢለዩ ምን ይሰማዎታል?"

ትሩዲ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሽ አጥሯት የምትሞት ሰው ሆነች። ኤልዉድ አያት። "መተንፈስ ያቅተኛል" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አፉን ከፈተ።

"ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚተነፍስ ነገር አይኖርም" አለ።

በስልኩ ውስጥ ማኘኩ ቆመ። "የቀድሞው ደብዳቤ በማርላ ክራቺክ ስም ነው። እሳቸው ምን ሆኑ?"

"ሞተች" አለ ኤልዉድ።

የታኒሻ ጣቶች ከቁልፎቹ ላይ ተነሡ። ትሩዲ እጇን ከአንገቷ አወረደች። ፈርናንዶ እንኳ እጅጌውን ለቀቀ ብል ታምኑኛላችሁ? ለቀቀ። ኤልዉድ ራሱ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ማለት ነበር የቀረው።

"ፈተናውን አልፈዋል!" አለች ኮርትኒ፣ መንጃ ፈቃድ እንደሚሰጥ ሰው። ዋጋው መቶ አርባ ዘጠኝ ዶላር ነው፤ የቤተሰብ ዕድሳት ስለሆነ ሃያው ተቀንሷል። ደብዳቤው በትሩዲ ኢሜይል መጣ፣ ታኒሻ አተመችው፣ አለቃዋ ፈረመበት። ኤልዉድም ከአሥራ ሰባተኛው ረድፍ ተነሥቶ ዶሮዋ ወደ ተመዘገበችበት ወደ ማርላ ወንበር ተዛወረ። ትሩዲ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ "ጉድ ነህ! እኔ እኮ በመጀመሪያው ወድቄያለሁ፤ ደስተኛ ነኝ ብዬ" አለችው። ኤልዉድ አልሰማትም። ሊዋሽ ገብቶ ነበር፤ አሁን ከመልሶቹ መሃል ውሸቱን እየፈለገ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንደሚፈልግ ሰው፣ ከአንደኛው ጥያቄ ጀምሮ በእጁ እየዳበሰ ሄደ፤ እጁ ሁሉም ቦታ ላይ ረጠበ፤ ቀዳዳው የቱ እንደሆነ ግን አላገኘውም።

ፍተሻው ዘንድ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀው። ቦርሳው በማሽኑ ይገባል፤ እንስሳ ግን በማሽን አይገባም፤ ባለቤቱ በእጁ አቅፎ ነው የሚያልፈው። ይህን ማርላ ስታደርግ አይቷል። እሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ዶሮዋን አንድም ቀን አቅፏት አያውቅም፤ ያውቃት የነበረው በአውራ ጣቱ ብቻ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ። ጠባቂው "ያውጧት እንጂ አባባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለ። ኤልዉድ የማርላን አያያዝ ለማስታወስ ሞከረ፦ ግራ እጅ ከደረቷ ሥር፣ እግሮቿ በጣቶች መሃል፣ ክንፏ ወደ ሆድ። ሱሪውን ለእግዜር ትቶ በሁለት እጁ አነሣት። እንደምትነቁረው እርግጠኛ ስለነበር ዓይኑን ጨፈነ። ዶሮዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፣ አንገቷን አስረዘመች፣ ከዚያም ጭንቅላቷን ብብቱ ሥር ወሽቃ ዝም አለች። በዚያ የብረት በር ሲያልፍ ከላባው ሥር ልቧ በመዳፉ ላይ ይመታል፤ ፈጣን ነው፤ የሚሮጥ ሰው ልብ ይመስላል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ወርዶ ነበር። ማንም አልሳቀም ብል እዋሻለሁ፤ ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ግን አላወቀም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው በር የሚያክል ግዙፍ ሰው ነው። ገና ቀበቶውን ሳያስር ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ዶሮዋን አየ፣ ኤልዉድን አየ፣ "እኔ መብረር እፈራለሁ፤ እሷስ?" አለ። "እሷ ብትፈራም አትናገርም" አለው ኤልዉድ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰዓት በረሩ። የተሸጠው ለውዝ ተበላ፣ ሰባት ዶላር የሚያወጣው ቢራ ተጠጣ፤ ኤልዉድም ከቤት የያዘውን የቋሊማ ሳንዱች ጠርዙን እየቆረሰ ለፔቱንያ ሲያጎርሳት ራሱን አገኘው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ይቺ ግን ቋሊማ ነው የምትወደው፤ ማርላ ያስለመደቻት አመል ነው።

ተራሮቹ ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ተናጠ። መናጥ ስል መናጥ ነው። አሥራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረ ቡና ከኩባያው ወጥቶ፣ አየር ላይ ዞሮ፣ ተመልሶ ኩባያው ውስጥ ገባ። አስተናጋጆቹ ሮጠው ራሳቸውን አሰሩ። ግዙፉ ሰው እናቱን ጠራ። ከፊት በኩል ፈርናንዶ እንደ ጅብ ያላዝናል፤ ትሩዲም "እኔን እንዲያጽናናኝ ነው የያዝኩት፣ እሱን ማን ያጽናናው!" እያለች ትጮሃለች። ኤልዉድ ሁለት እጁን ዶሮዋ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ነጭ ነገር ብቻ ያያል። ማርላ እዚህ ወንበር ላይ ሆና ስትናጥ፣ እሱ ከሦስት ረድፍ በስተኋላ ጋዜጣ ያነብ እንደነበር ትዝ አለው። የትኛውን ገጽ እንደነበር ግን ማስታወስ አልቻለም። ያን ጊዜ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ ለዶሮዋ የአየሩን ሁኔታ ይነግራት ጀመር። "ክሊቭላንድ በረዶ ነው። ሐይቁ ዳር ነፋስ አለ፤ ዱዌይን መንገዱን ገና አልጠረገም። እዚህ ደመና ነው፤ ትንሽ ይንጣል፤ ያልፋል። ፊኒክስ ፀሐይ ነው። ነፋስ የለም። ፀሐይ ብቻ።" ግዙፉ ሰው እናቱን መጥራቱን ተወ። "እስቲ ድገመው" አለ። ኤልዉድ ደገመው። ከኋላ አንዲት እጅ በወንበሮቹ መሃል ሾልካ መጥታ የፔቱንያን ጅራት ነካች፤ ከመተላለፊያው ማዶ ሌላ እጅ መጣች። ሰደርያዋ አትንኩኝ እያለ አምስት ሰው ነካት፤ አንዱንም አልነቆረችም። ኤልዉድ ፊኒክስ ፀሐይ መሆኑን ለሰባተኛ ጊዜ ሲናገር አውሮፕላኑ ረጋ።

ጭኑም ላይ አንድ ነገር ሞቀው። የመጣውን ዕዳ ለማየት እየተሳቀቀ ዶሮዋን ብድግ ቢያደርጋት፣ የተጣመመው ዳይፐር ወልቆ ወድቋል፤ ከሥሩ አንድ ቡናማ እንቁላል ተቀምጧል። ፔቱንያ ከጥቅምት ወዲህ እንቁላል ጥላ አታውቅም ነበር። ኤልዉድ ክረምቱ ነው ሲል ከርሟል፤ ደግሞም ስለ ሌላ ምክንያት ማሰብ አልፈለገም። አስተናጋጇ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። "የዶሮዋን ወረቀት አይቻለሁ፣ አባቴ። እንቁላሉስ ወረቀት አለው?" አለች። ስድስት ረድፍ አጨበጨበ። ኤልዉድ ግን የሚስቁት በእሱ ይሁን ለእሱ ስላልገባው እንቁላሉን በመሐረብ ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ፊኒክስ እውነትም ፀሐይ ነበር። ጆሊን መውጫው ላይ፣ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ጠርዝ፣ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። የእናቷ አገጭ ነው ያላት፤ ሲከፋትም እንደ እናቷ ወደ ፊት ይወጣል። ሰላምታ የለም። ቦርሳውን ተቀበለችው፣ ወንፊቱን ከፈተች፣ ፔቱንያን በትክክለኛው አያያዝ አወጣቻት፤ ግራ እጅ ከደረቷ ሥር። ፊቷን ላባው ውስጥ ቀብራ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። እንዲያ ሆና ስትቆይ ኤልዉድ ሌሎች መኪኖች ሲያልፉ ይቆጥር ነበር። ቀና ስትል ቦርሳው ላይ በላስቲክ የተንጠለጠለውን ደብዳቤ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው? 'ኤልዉድ ክራቺክ ከዚህች እንስሳ ቢለይ ለጤናው አስጊ ይሆናል' ይላል።"

"ለማለፍ ብዬ ነው። የውሸት ነው።"

"የቱ ነው ውሸቱ?"

ኤልዉድ ከአንደኛው ጥያቄ ጀምሮ እንደገና ዳበሰ። "እንጃ" አለ።

"ዓርብ መመለሻ ትኬት አለህ አይደል? ዶሮዋን እኔ ጋ ትተህ።"

"አዎ።"

"ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።"

"አይልም" አለ ኤልዉድ።

የትራፊክ ሠራተኛው መኪናዋን እንድታነሣ በፉጨት ጠራት፤ አልዞረችም። "አንድ ስልክ ነበር እኮ" አለች። "መስከረም ላይ አንድ ስልክ ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?"

"አትንገራት አለችኛ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"እሺ አልኳታ። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ጆሊን። ዝጋ ሲሉኝ እዘጋለሁ።" ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰዶ መሐረቡን አወጣ። "ይኸው፤ መንገድ ላይ ጣለችው" አላት። እንቁላሉ አሁንም ሙቅ ነበር። ጆሊን በአንድ እጇ ዶሮዋን፣ በአንድ እጇ እንቁላሉን ይዛ ቆማ ሳቀች፤ "በል እንግዲያው አባዬ፣ ዓርብን ተወው፤ ሁለታችሁም እኔ ዘንድ ቅሩ" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

እዚህ ላይ ምላሴን ትንሽ ደረቅ ደረቅ አደረገው። እሺ፤ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። እንቁላሉን ነው የምትሉ ተሳስታችኋል፤ እንቁላሉ እውነት ነው፤ ቡናውም ዞሮ ኩባያው ውስጥ ገብቷል፤ ትሩዲን ጠይቁ። የፈጠርኩት ይህን የመጨረሻውን፣ ሳቁንና መጠምጠሙን ነው። ጆሊን አልሳቀችም፤ ቅሩም አላለች። እንቁላሉን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አድርጋ ሙቀቱን አዳመጠችው። ከዚያ ዶሮዋን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች። የፊተኛው ወንበር በወረቀትና በባዶ ጠርሙስ ተሞልቶ ነበር፤ አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ኋላ ወረወረችውና ወንበሩን በመዳፏ ጠረገች። ዞራ ሄዳ መሪው ጋ ተቀመጠች፤ ሞተሩን አስነሣች። ኤልዉድ የተከፈተውን በር ይዞ ጠርዙ ላይ እንደቆመ ነው። ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር፣

"በሩን ዝጋው፤ ዶሮዋ ትወጣለች" አለችው።

ከውጭ ሆኖ ይሁን ከውስጥ አልነገረችውም። ኤልዉድ መንገዱን አየ፣ ፀሐዩን አየ፣ ዶሮዋን አየ።

ከውስጥ ሆኖ ዘጋው።